የሙዱላ ሴቶች የመለሱልኝ እጅ

እጄን የቆረጠኝ ቆርቆሮ ነው። ዘመኑ ደርግ ነበር። እኔ የሃያ ስድስት ዓመት ወንደላጤ ነበርኩ፤ ተወልጄ ያደግሁት ሀዲያ ውስጥ ሾኔ ሲሆን ጠምባሮ ውስጥ ሙዱላ ተመድቤ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። የሁለት ክፍሎች የሣር ክዳን በስብሶ ዝናብ ማስገባት ስለጀመረ ወላጆች በጉልበታቸው አዲስ ክፍሎች አቆሙ፤ ቆርቆሮው በጭነት መኪና ከአዲሎ መጣልን። ቅዳሜ ረፋድ ላይ መምህሩም ወላጁም ተጋግዘን ስናወርድ ድንገት ነፋስ ተነሣ፤ መኪናው ላይ የቆመውን ሰው አንዱ ቆርቆሮ አመለጠው። እኔ ከታች ነበርኩ። ሲንሸራተት አየሁትና ሳላስብ ቀኝ እጄን ሰደድኩ።

ወዲያው አላመመኝም። ከእጅ አንጓዬ ውስጠኛው በኩል አንድ ነጭ መስመር አየሁ፤ ከዚያ ደሙ መጣ። አንድ ወላጅ ነጠላውን ቀዶ ክንዴን ጥርቅም አድርጎ አሰረልኝና እየደገፈ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። ድሬሰሩ ቁስሉን ካጠበ በኋላ፣

«እስቲ ጣቶችህን እጠፋቸው» አለኝ።

አውራ ጣቴ ታጠፈ። አራቱ ግን የሌላ ሰው ጣቶች ይመስል ዝም አሉ። ድሬሰሩ እጄን በፋሻ ጠቀለለው። «ጅማቱ ነው። ይህ የእኔ ሥራ አይደለም፤ ዛሬውኑ ሂድ» አለኝ።

በዚያው ቆርቆሮውን ባመጣው መኪና ሄድኩ። በሆሳዕና በኩል አድርጌ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ደረስኩ፤ ቀዶ ጥገናው እዚያ ተደረገልኝ። የሠራልኝ ሐኪም የውጭ ሰው ነበር፤ ቋንቋችን አልተገናኘም፤ ሲጨርስ ግን የተሰፋውን እጄን በሁለት እጁ ይዞ ፈገግ አለልኝ። ስሙንም ሳላውቅ ቀረሁ። እስከ ዛሬ በጸሎቴ «ያ ሐኪም» እያልኩ ነው የማነሣው።

እጄ ወደ ውስጥ እንደታጠፈ በጀሶ ተያዘ፤ አራት ሳምንት አጎቴ ቤት ተቀመጥኩ። ጀሶው ሲወልቅ የወጣውን እጅ አይቼ ደነገጥኩ። ከስቷል፣ ቆዳው ተቀርፏል፣ ጣቶቹም የደረቀ ጭራሮ መስለዋል። ከዚያ ወደ አንዲት ሲስተር ክፍል መሩኝ። ፊዚዮቴራፒ የሚባለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት የዚያን ቀን ነው። ሲስተሯ ቀጠን ያለች፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር የአዲስ አበባ ልጅ ነበረች።

«ስማኝ፣ መምህር» አለችኝ፤ «ሐኪሙ የሱን ሥራ ጨርሷል። የቀረው ያንተ ነው። ስፌቱ ሳይጠና በኃይል ከጎተትከው ይበጠሳል። ሰንፈህ ዝም ካልከው ደግሞ ከሥጋው ጋር ይጣበቅና ጣትህ እንዲህ እንደተገተረ ይቀራል። ገባህ?»

«ገብቶኛል።»

«እዚህ በየቀኑ ብትመጣልኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

«ሙዱላ ነው የማስተምረው።»

ሙዱላ የት እንደሆነ አታውቅም ነበር። መንገዱን ስነግራት ወረቀት አወጣችና በእስክርቢቶ አራት እጆች ሳለችልኝ። የመጀመሪያው እጅ ተዘርግቷል፣ ሁለተኛው ጣቶቹ ከመሃል ታጥፈዋል፣ ሦስተኛው ጨብጧል፣ አራተኛው አንድ ድቡልቡል ነገር ይጨምቃል። በየሥዕሉ ሥር ስንት ጊዜ እንደሚሠራ ጻፈች። «አራተኛውን ሁለት ወር ሳይሞላህ እንዳትነካው። ያኔ ለስላሳ ኳስ ወይም የረጠበ ስፖንጅ ፈልግና ጭመቅ» ብላ ወረቀቱን ሸሚዝ ኪሴ ውስጥ ራሷ ከተተችልኝ።

ሙዱላ ስመለስ አከራዬ በር ላይ ጠበቁኝ። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው የጠምባሮ ሴት ናቸው፤ ባላቸው ሞተው ከእንሰት ማሳቸው፣ ከላማቸውና ከዶሮዎቻቸው ጋር ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። አንድ ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ሰሜን ጦር ግንባር ነው። አማርኛቸው ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ይላል፤ እኔን ብቻ ሳይሆን የቀበሌውን ሊቀመንበርም «አንቺ» ነበር የሚሉት፤ እሱም ለምዶታል።

«መጣሽ፣ መምህር? ጌታ ይመስገን!» አሉና እጄን አገላብጠው አዩት። ገብተው አንድ ፖስታ ይዘው ወጡ። «ከልጄ ነው። ከመጣ ሁለት ሳምንት ሆነ። አንቺን ጠበቅሁ።»

የልጃቸውን ደብዳቤ የማነብላቸውም መልሱን የምጽፍላቸውም እኔ ነበርኩ። አነበብኩላቸው። ደህና እንደሆነ፣ ብርዱ እንደሚያስቸግረው፣ ቀይዋ ላም ወልዳ እንደሆነ ይጠይቃል። ሁለቴ አስነበቡኝ።

«በግራ እጄ ልሞክርና መልሱን ልጻፍልዎት?» አልኳቸው።

«አይሆንም።»

«ሌላ መምህር ልጥራ?»

«አይሆንም አልኩሽ። ልጄ ያንቺን ጽሕፈት ያውቃል። ሌላ ጽሕፈት ካየ ‹እናቴ ሞታለች፣ ሰው ደብቆኛል› ይላል።»

«እጄን ቆርቆሮ እንደቆረጠኝ እጽፍለታለሁ እኮ፣ እማማ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወታደር ቤት ያለ ሰው ‹ሁሉ ደህና ነው› የሚል ወረቀት አያምንም። ጽሕፈቱን ነው የሚያምነው። እጠብቃለሁ።»

ያ ቃል ከጀሶው ይልቅ ከበደኝ።

የእጅ ጽሑፌ በከተማው የታወቀ ነበር። ለአብዮት በዓል ቀይ ጨርቅ ላይ መፈክር የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ያን ዓመት መፈክሩን ሌላ ሰው ጻፈው፤ ለዚህስ አላዘንኩም። ያሳዘነኝ ሸሚዜን መቆለፍ፣ ክብሪት መጫር፣ ጠመኔ መያዝ አለመቻሌ ነው። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ደግ ሰው ነበሩና ከክፍል አላወጡኝም፤ እኔ በቃሌ እየነገርኩት አንድ ተማሪ ሰሌዳው ላይ ይጽፍልኛል።

ወረቀቱ በየሰዓቱ አሥር ጊዜ ይላል። እኔ ደግሞ ሰዓት የለኝም። ደወላችን ዛፍ ላይ የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ ነበር፤ በብረት ሲመታ እስከ ገበያው ይሰማል። ደወል በተደወለ ቁጥር ቆሜ ጣቶቼን ማጠፍ ጀመርኩ። ተማሪዎቼ ሲያዩኝ ሰነበቱና አንድ ቀን አንዱ ረድፍ አብሮኝ እጁን ዘርግቶ ጣቱን አጠፈ፤ በማግስቱ ሌሎቹ ተከተሉ። «አንድ! ሁለት! ሦስት!» እያሉ ስድሳ ሕፃናት አሥር ይቆጥሩልኛል። አጎራባች ክፍል ያለው መምህር እየሳቀ በመስኮት ብቅ ይል ነበር። በዚያ ጊዜ ተስፋ ነበረኝ።

ከዚያ እጄ ቆመ። ሁለት ወር ሞላኝ፤ ጣቶቼ እስከ ግማሽ መንገድ ይታጠፉና እምቢ ይላሉ። ኳስ ፈለግሁ፤ በገበያው ያገኘሁት የልጆች ጨርቅ ኳስ ብቻ ነው፤ እሱም ደረቅ ነበር። ስፖንጅ የሚባል ነገር ማንም አያውቅም። ሕመሙ ደግሞ ክንዴን ይዞ እስከ ትከሻዬ ይወጣል። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ተመልሼ ወረቀቱን ፍራሽ ሥር ከተትኩት። ቀረብኝ አልኩ። ግራኝ መምህርም መምህር ነው፣ ደብዳቤውንም ሌላ ሰው ይጽፍላቸዋል አልኩ።

አከራዬ ሦስት ቀን ታገሡኝ። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጓሮ ሆነው ጠሩኝ።

«መምህር! በር ላይ ቁጭ ብለሽ ጣት የምታጥፊው ለምን ተውሽ?»

«አልሆን አለኝ፣ እማማ።»

«ወረቀቱን አምጪ።»

አመጣሁላቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ሥዕሉን ግን ትኩር ብለው አዩት። አራተኛው ሥዕል ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን አሳረፉ። «ይቺ ምንድን ነው የምታደርገው?»

«ትጨምቃለች። የረጠበ፣ ለስላሳ ነገር።»

አከራዬ መጀመሪያ አፋቸውን ያዙ፤ ከዚያ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ይህቺ የአዲስ አበባ ሴትዮ ቆጮ መጭመቅ ነው የሣለችው!»

እውነታቸውን ነበር። ቆጮ ተፍቆ ጉድጓድ ውስጥ የቦካ እንሰት ነው፤ ሲወጣ ውሃ አለው፤ ሴቶች በቃጫ ይይዙትና ውሃው ጠብ እስኪል ይጨምቁታል፤ ከዚያ ተከትፎና ተነፍቶ ይጋገራል። ለስላሳ ነው፣ ረጥቧል፣ ሲጨመቅም እየጠነከረ ይሄዳል። ለእኔ እጅ ከዚህ የተሻለ ነገር አይገኝም። ችግሩ ሌላ ነው። እኛ ሀዲያዎች ዘንድም ሆነ ጠምባሮ ውስጥ ወንድ እንሰት ይተክላል እንጂ አይፍቅም፣ ቆጮ አይነካም። እናቴ ስትፍቅ አባቴ በዚያ በኩል እንኳን አያልፍም ነበር። ያደግሁት እንዲህ ነው።

«እማማ፣ ነውር ነው» አልኳቸው።

«ነውሩ የቱ ነው? እጅ ሽባ ሲሆን ዝም ማለት ነው ነውሩ!» የጓሮውን በር ዘጉ። ብርጭቆ የሚያህል ቆጮ ቆርሰው መዳፌ ላይ አስቀመጡና በራሳቸው እጅ ጣቶቼን ከላይ ጠቀለሉ። «በይ ጭመቂ።»

ጨመቅሁ። ኮምጣጣው ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። አንድ ጠብታ ውሃ እንኳን አልወጣም። ጣቶቼ ቆጮው ውስጥ ሰምጠው ቀሩ። ግን አላመመኝም፤ ደረቁ ኳስ እንዳደረገኝ አላደረገኝም። ቆጮው ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ እጄ ሲገፋው ይሸሽለታል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስመለስ የጓሮው በር ይዘጋና ሥራ እጀምራለሁ። በሳምንቱ የመጀመሪያው ጠብታ ወጣ። ጮህኩ። አከራዬም እልል አሉ፤ በእልልታው ጎረቤት ሴት በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ አየችን። ምስጢሩ በዚያው አለቀ።

በማግስቱ አራት ሴቶች መጡ። ይስቁብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ሳቁም፤ ግን የሳቁት አጨማመቄን አይተው ነው እንጂ ወንድ መሆኔን አይተው አይደለም። «እንዲህ አይደለም፣ ከትንሿ ጣት ጀምር» አለችኝ አንዷ፤ የእሷ አማርኛ ጥሩ ነበር። እጇን እጄ ላይ አድርጋ አሳየችኝ፤ ከትንሿ ጣት ተነሥታ ወደ አውራ ጣት እንደ ማዕበል ታመጣዋለች። ለካ ሁልጊዜ ትንሿን ጣቴን ረስቻት ኖሯል። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ የየራሳቸውን ቆጮ ይዘው ይመጡ ጀመር። የእኔ ድርሻ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ሄደ። የጨመቅሁትን አንዷ ትቀበለኝና እንደገና ትጨምቀዋለች። ውሃ ከወጣው «ገና ነሽ!» ይላሉ አከራዬ። ካልወጣ ዝም ይላሉ። ያ ዝምታቸው ሽልማቴ ነበር።

እጄ ቆጮ መሽተቱ ግን አልቀረም። ሳሙና አያጠፋውም። ተማሪዎቼ ደብተር ሳርም ያሸቱና እርስ በርስ ይተያያሉ። በከተማው ወሬው እንደሄደ የገባኝ ሻይ ቤት አንድ ሰው «መምህር፣ ዛሬ ስንት ጨመቅህ?» ሲለኝ ነው። ፊቴ ተቃጠለ። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ግን ቀድመው መለሱለት፤ «እሱ ሐኪም ያዘዘውን ነው የሚሠራው። አንተን ማን ምን አዘዘህ?» አሉት። ከዚያ ወዲህ የቀለደብኝ ሰው የለም።

እኚህ ሽማግሌ ከመሠረተ ትምህርት ተማሪዎቼ አንዱ ነበሩ። በሳምንት ሦስት ቀን ከአሥር ሰዓት በኋላ ለትልልቅ ሰዎች ፊደል አስተምር ነበር። ከአደጋው በፊት ክፍሉ ውስጥ ሰው እያደር ይቀንስ ነበር። የኔ ሰሌዳ ላይ ፊደሉ ተስተካክሎ ያምራል፤ እነሱ በሞፈርና በዶማ የጠነከረ እጃቸውን ይዘው እርሳሱን ይሰብሩታል፤ ያፍራሉ። እኔ ታምሜ ስመለስ ግን በዚያ ሰዓት የሚጽፍልኝ ተማሪ ስለሌለ ራሴ በግራ እጄ ለመጻፍ ተገደድኩ። «ሀ» ብዬ የጻፍኳት የተንጋደደች ወንበር መሰለች።

«መምህር» አሉ ሽማግሌው ከኋላ፤ «ያንተም እንደኛ ሆነ እኮ።»

ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሽማግሌው ደብተራቸውን ይዘው መጡና የሳቸውን «ሀ» ከኔ ጋር አስተያዩ። የሳቸው ትሻል ነበር፤ እንደምትሻልም ነገርኳቸው። ደብተሩን ለባለቤታቸው ለማሳየት እንዲያ ተደስተው ሲሄዱ አይቼ አላውቅም። በዚያ ወር የቀሩት ሰዎች ተመለሱ። ቀኝ እጄ እርሳስ መያዝ ሲጀምርም ከእነሱ ጋር ቁጭ ብዬ አንድ መስመር «ሀ»፣ አንድ መስመር «ለ» እያልኩ እንደ አዲስ ጻፍኩ። እርሳሱ ሲወድቅብኝ አጠገቤ ያለው ሰው ያነሣልኛል፤ የእሱ ሲወድቅ እኔ አነሣለሁ። የመምህርነት ትምህርት ቤት ያላስተማረኝን ከዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተማርኩ።

አንድ እሑድ አከራዬ ከጸሎት ሲመለሱ በሩ ላይ ወረቀትና እስክርቢቶ ይዤ ጠበቅኋቸው። ያኔ ጸሎት ቤታቸው በመንግሥት ታሽጎ ስለነበር በየቤቱ ተራ በተራ ነበር የሚሰበሰቡት።

«ይንገሩኝ፣ እጽፋለሁ» አልኳቸው።

ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። አንድ ገጽ ለመሙላት የከሰዓት በኋላው ግማሽ ሄደ። በየሁለት መስመሩ እጄን አሳርፋለሁ፤ እሳቸው ይጠብቁኛል። ስለ ቀይዋ ላም ነገሩት፤ ጥጃዋ ወንድ ነው። ስለ ዝናቡ ነገሩት። ስለ እጄ ምንም አልነገሩትም። ስጨርስ ወረቀቱን ተቀብለው ፊደል እንደሚያውቅ ሰው ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው፣ እማማ። ትንሽ ይንቀጠቀጣል።»

«ይንቀጠቀጥ። ያንቺ ነው።»

መልሱ የመጣው ከአንድ ወር ከምናምን በኋላ ነው። ልጃቸው ደብዳቤው ሲዘገይበት ክፉ ነገር አስቦ እንደነበር፣ ፖስታው ላይ የመምህሩን ጽሕፈት ሲያይ ሳይከፍተው አስቀድሞ እንዳለቀሰ ጽፎ ነበር። «መምህሩ ግን ያረጀ ይመስላል» የሚልም ነበረበት። አከራዬ ይህን ሲሰሙ የሳቁትን ሳቅ አልረሳውም።

ለምርመራ አዲስ አበባ ስመለስ ሲስተሯ ሁለት ጣቶቿን ሰጠችኝ። «ጨብጠኝ» አለች። ጨበጥኳት።

«ኧረ ቀስ!» ብላ እጇን ነጠቀችኝ። ከዚያ ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈቻቸው፣ ዘረጋቻቸው። «ማን ጋ ስትሠራ ነበር? እዚያ አገር ባለሙያ አለ?»

«አሉ» አልኳት። «አምስት ሴቶች።» የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። መጀመሪያ የምቀልድ መስሏት ነበር። የእማማን ቆጮ በኮባ ቅጠል ጠቅልዬ አምጥቼላት ነበርና ከቦርሳዬ ሳወጣው ክፍሉን ሽታው ሞላው፤ ያኔ አመነች። ፎጣ በውሃ ነክራ «እንዴት እንደሚያደርጉ በዚህ አሳየኝ» አለችኝ። ከትንሿ ጣት ጀምሬ አሳየኋት። ተራ ይጠብቅ የነበረ እጁ የተሰበረ ሾፌር ነበር፤ ፎጣውን ተቀብላኝ ለእሱ ሰጠችው። «አንተም እንደሱ አድርግ» አለችው።

ትንሿ ጣቴ እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አትታጠፍም። ክረምት ሲገባ ጠባሳው ይቆጠቁጠኛል። ከዚያ በቀር እጄ እጅ ነው። ሠላሳ ዓመት ጠመኔ ይዤበታለሁ፣ ልጆቼን አቅፌበታለሁ፣ ይህንንም የምጽፈው በእሱ ነው። የአከራዬ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት እረፍት አግኝቶ መጣ፤ ጦርነቱ ሲያበቃም ከስቶ፣ ግን በእግሩ እየሄደ ቤቱ እንደገባ ሰምቻለሁ።

እኔ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ሆሳዕና ተዛወርኩ። የሄድኩበት ቀን የገበያ ቀን ነበር። ጭነት መኪናው ሰው ሞልቶ ሾፌሩ ጥሩምባ እየነፋ እያለ አከራዬን ከነዚያ አራት ሴቶች ጋር መንገድ ዳር አገኘኋቸው። ብዙ ቀን ያሰብኩት የምስጋና ንግግር ነበረኝ። ገና «እማማ፣ እኔ እርስዎን...» ስል አፌን በመዳፋቸው ዘጉት።

«ለኔ አይደለም። ዝቅ በይ» አሉኝ።

ዝቅ አልኩ። እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መጸለይ ጀመሩ፤ በራሳቸው ቋንቋ ነበር፤ ከኛ ቋንቋ ስለሚቀራረብ ግማሹ ገባኝ። እንደዚያ በአደባባይ መጸለይ በዚያ ጊዜ የሚያስጠይቅ ነገር ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ነበር፤ አያቸውና ፊቱን ወደ ገበያው አዞረ። ሾፌሩ ጥሩምባውን ተወ። ጸሎቱ ረዘመ፤ ስለ እጄ፣ ስለ ልጃቸው፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ መኪናው ጎማ ሁሉ ነበር። ሲጨርሱ ከመኪናው ላይ የነበረው ሰው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ባንድነት «አሜን» አለ።